ሰኞ ጠዋት ሥልጣኑ የት ሄደ?

በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ

ይህን ትምህርት በሬዲዮ የሰማችሁ ታስታውሱት ይሆናል፤ ያልሰማችሁ ደግሞ አሁን በእጃችሁ ነው። ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ፣ ወይም ሐኪም ቤት ወረፋ እየጠበቃችሁ፣ ወይም ቡናው እስኪፈላ አንብቡት። ስትጨርሱ ለጎረቤት ስጡ፤ ወረቀት ተወዷል።

ነገሩን ያስነሣው አንድ ደብዳቤ ነው። የጻፈችልኝ እህት ስሟንም መሥሪያ ቤቷንም አልናገርም። ንብረት ክፍል ነው የምትሠራው፤ ዕቃ ሲገባ ቆጥራ ትረከባለች፣ ሞዴል 19 ላይ ትፈርማለች። ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ዓርብ ዓርብ አዳር ጸሎት አያመልጣትም። የጻፈችው በአጭሩ ይህ ነው፦ አዳር ጸሎት ላይ ሰይጣንን የምገሥጸው ድምፄ እስኪዘጋ ነው። በክርስቶስ ሥልጣን እንዳለኝ ተምሬአለሁ፣ አውጃለሁም። ሰኞ ጠዋት ግን አለቃዬ ቢሮው ጠርቶ 25 ጎማ ገብቶ ሳለ 40 እንደ ገባ አድርገሽ ፈርሚ ሲለኝ ጉልበቴ ይከዳኛል። ሁለት ጊዜ ፈርሜአለሁ። ሦስተኛው እየመጣ ነው። የአለቃዬን መንፈስ ሦስት ወር ሙሉ ሳስር ኖርኩ፤ አልታሰረም። ሥልጣኑ የት ሄደ?

ደብዳቤውን አንብቤ አጠፍኩት፤ ደግሞ ፈታሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፈርኩ። ስለ ሥልጣን ብዙ ጊዜ ሰብኬአለሁ። ኮንፈረንስ ላይ ሰብኬአለሁ፣ ስታዲየም የሞላ ሕዝብ ፊት ቆሜ ሰብኬአለሁ። ስለ ሞዴል 19 ግን አንድም ቀን ሰብኬ አላውቅም።

ስለዚህ ዛሬ ለእርሷ ልመልስ። እናንተም ስሙ፤ ምክንያቱም ሞዴል 19 የሌለበት ቤት የለም። ለአንዱ ሚዛን ነው፣ ለሌላው የፈተና ወረቀት ነው፣ ለሌላው ደግሞ ከሚስቱ የተደበቀ ስልክ ነው።

እስቲ ጴጥሮስን እንየው። ሉቃስ 9 መጀመሪያ ላይ ጌታ አሥራ ሁለቱን ጠርቶ አጋንንትን እንዲያስወጡና ሕሙማንን እንዲፈውሱ ሁለት ነገር ሰጣቸው፤ ኃይል እና ሥልጣን። ጴጥሮስም አንዱ ነበረ። ሄደ፣ ሰበከ፣ ሠራለት። ያው ጴጥሮስ ሉቃስ 22 ላይ እሳት ዳር ተቀምጧል። አንዲት ገረድ ትክ ብላ አየችውና ይሄም ሰውዬ ከእርሱ ጋር ነበር አለች። በቃ! አለቀ። አጋንንት የታዘዙለት ሰው በአንዲት ገረድ ፊት ቀለጠ። አላውቀውም አለ። ሁለተኛ ካደ፤ ሦስተኛም።

እህቴ ሆይ፣ አየሽ? ሁለት ጊዜ ፈርሜአለሁ ብለሽ ያለቀሽው፣ ያ እሳት ዳር ከአንቺ በፊት ጴጥሮስ ተቀምጦበታል። ጌታ ደግሞ ዘወር ብሎ አየው ይላል ሉቃስ። ያ አስተያየት የመጣል አልነበረም። ከትንሣኤ በኋላ በባሕሩ ዳር ቁርስ ሠርቶ ያበላው ራሱ ነው።

አሁን ሁለቱን ቃላት እንለያቸው። ብዙ ግራ መጋባት የሚመጣው ከመቀላቀላቸው ነው። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክ ቋንቋ ሥልጣን ኤክሱሲያ ይባላል፤ መብት፣ የተሰጠ ፈቃድ ማለት ነው። ኃይል ዱናሚስ ነው፤ ጉልበት፣ ችሎታ። ሉቃስ 10 ላይ ሰባዎቹ ደስ ብሏቸው ሲመለሱ ጌታ የነገራቸውን አስተውሉ፤ በጠላት ኃይል ላይ ሥልጣን እንደ ሰጣቸው ነው የተናገረው። ጠላት ጉልበት የለውም አላለም። አለው። መብት ግን የለውም። ጉልበት ያለው ሁሉ መብት አለው ማለት አይደለም፤ ይህን አገራችን በደንብ ታውቀዋለች።

ሥልጣን እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ በውክልና። ውጭ አገር የሚኖር አንድ ወንድም አለ እንበል። ለእህቱ ውክልና ላከላት። እሷ በሕይወቷ የራሷ ቤት ኖሯት አያውቅም፣ የባንክ ደብተሯ ላይ ያለው ብር የወር አስቤዛ አይችልም። ያን ወረቀት ይዛ ስትገባ ግን ባንኩ ያስተናግዳታል፣ ውል ተዋዋዩ ይጠብቃታል፣ የምትፈርመው ፊርማ ይጸናል። የውል ክፍሉ ሠራተኛ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ አይላትም። ስንት ቀን ጾመሻል ብሎ አይጠይቃትም። የሚያየው ወረቀቱን ነው፤ ማን ላካት? ምን እንድታደርግ ላካት?

ሁለተኛዋ ጥያቄ ላይ ነው እኛ የምንወድቀው። ውክልና ዝርዝር አለው። እህትየው ቤቱን ሸጣ ብሩን ለራሷ ብታደርገው ወረቀቱ ትክክለኛ ሆኖ ሳለ እሷ ሌባ ናት። የተወካይ ሥራ ወካዩ ቢኖር የሚያደርገውን ማድረግ ነው። በኢየሱስ ስም ብሎ መጸለይም፣ በኢየሱስ ስም መኖርም ይኸው ነው፤ እርሱ እዚህ ወንበር ላይ ቢቀመጥ የሚያደርገውን ማድረግ። ታዲያ እርሱ ንብረት ክፍል ቢሠራ ሞዴል 19 ላይ ስንት ጎማ ይጽፍ ነበር? 25። መልሱ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ከባዱ እጅ ነው።

(ደግሞ አንድ ነገር፣ ከርዕሳችን ትንሽ ወጣ ይላል ግን ደስ ስለሚለኝ ልንገራችሁ። በሕጋችን በመሠረቱ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። የእኛ ወካይ ሞቷል፤ በሦስተኛው ቀን ግን ተነሥቷል። ማቴዎስ 28 ላይ የሰማይና የምድር ሥልጣን ሁሉ የእኔ ነው ብሎ ሂዱ ያለን ከመቃብር ከወጣ በኋላ ነው። ይህን ውክልና ሞት አይሽረውም።)

መቶ አለቃው ይህ ገብቶታል። ማቴዎስ 8ን ታውቁታላችሁ፤ አገልጋዩ የታመመበት ሮማዊ ወታደር። ወታደር ቤት ያለፋችሁ ወንድሞች ከእኛ ቀድማችሁ ትረዱታላችሁ። ሰውዬው ጌታን አንተ ቃል ብቻ ተናገር ይበቃል ሲል ምክንያት አቀረበ፤ እኔም ከበላይ የሚያዘኝ አለ፣ ከበታቼም የማዛቸው አሉ አለ። ቅደም ተከተሉን እዩት። መጀመሪያ የተናገረው መታዘዙን ነው። የማዘዙ ነገር ከዚያ መጣ። አሥር አለቃ ወታደሩን የሚያዘው እርሱ ራሱ ለመቶ አለቃው ስለሚታዘዝ ነው፤ ትእዛዝ የጣሰ ቀን ማዕረጉ ይገፈፋል፣ ያን ጊዜ ቢጮህ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ያዕቆብም ምዕራፍ 4 ላይ ይህንኑ ያስቀምጣል፤ ለእግዚአብሔር መገዛት ይቀድማል፣ ዲያብሎስን መቃወም ይከተላል። እኛ ግን ሁለተኛውን ይዘን የመጀመሪያውን ዘለልነው።

የሐዋርያት ሥራ 19 ላይ ያሉትን የአስቄዋን ሰባት ልጆች አስታውሱ። ጳውሎስ በሚሰብከው ኢየሱስ ብለው ነበር የሚያዙት። ስሙን ተውሰው ነው። ክፉው መንፈስ ኢየሱስን አውቃለሁ፣ ጳውሎስንም አውቃለሁ፣ እናንተ እነማን ናችሁ አላቸው። ቆስለው፣ ራቁታቸውን፣ ከቤት ሮጠው ወጡ። ትልቅ ማስታወቂያ ለጥፈን ኖሮ ቢሆን ምን ልንል ነበር? አንዳንድ ጊዜ ድምፅ ማጉያው ሲበዛ እጨነቃለሁ። ሰይጣን ደንቆሮ አይደለም። ጎረቤት ግን መተኛት ይፈልጋል።

ይህን ስል በሌላ ሰው የምፈርድ እንዳይመስላችሁ የራሴን ልናገር። ከተናገርኩት ብዙ ጊዜ አይደለም፤ በሬዲዮ የተናገርኩ ዕለት ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ነው። ወጣት አገልጋይ ነበርኩ፣ ትኩስ። አንድ አባት ነበሩ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፤ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፣ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ቤታቸው ሄጄ ጸለይኩ። አዘዝኩ፣ ገሠጽኩ፣ አላበኝ። ሲያልቅ ጋሼ፣ ድነዋል፤ መርፌው ከዛሬ ጀምሮ አያስፈልግዎትም አልኳቸው። ማንም አላስገደደኝም። ጌታ እንደዚያ ብሎኝ ነበር? አላለኝም። እምነት ያነሰኝ እንዳይመስል ፈርቼ ነው። ይኸው ነው እውነቱ።

በአራተኛው ቀን ልጃቸው ደወለች። ራሳቸውን ስተው ሐኪም ቤት ገብተዋል። ሮጥኩ። ኮሪደሩ ላይ ቤተሰቡ ቆሟል። ሐኪሙ ወጣና መርፌውን ማን አስቆማቸው ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰም። ልጅቷ እኔን አየችኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ዝም አልኩ። ሥልጣን አለኝ ባዩ ሰውዬ ማለት ነው። ጴጥሮስ የሞቀው እሳት እኔንም ሞቀኝ።

እግዚአብሔር ማራቸው፤ ተረፉ። ሳምንት ካለፈ በኋላ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አነሡኝ። ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ «ልጄ፣ ጸሎትህን አልጠላሁትም። ግን ያን ቀን እግዚአብሔርን ስትለምነው አልሰማሁህም፤ ስታዘው ነው የሰማሁህ።» ከዚያ እጄን ይዘው፣ በል አሁን ደግሞ ለምንልኝ አሉኝ። ለመንኩ። መርፌአቸውን እየተወጉ ልጃቸውን ዳሩ። ሠርጉ ላይ ጸሎት ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ እርሳቸው ናቸው እሱ ይጸልይ ያሉት።

እግዚአብሔር ይፈውሳል ወይ? አዎ! ዛሬም ይፈውሳል። በዚህ ወደ ኋላ አልልም። ነገር ግን እውነተኛ ፈውስ ምርመራ አይፈራም። ሉቃስ 17 ላይ ጌታ አሥሩን ለምጻሞች ሂዱና ለካህናት ታዩ ብሎ ላካቸው፤ በዚያ ዘመን መንጻታቸውን አይቶ የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበረ። እንግዲያው ተፈወስኩ የምትል ወንድም፣ ወደ ሐኪምህ ሂድና ይይህ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስጂ እህት፣ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል ሕመም መድኃኒት የምትወስዱ ሁሉ፣ ሐኪማችሁ ሳይል ማንም አቁሙ ቢላችሁ አትስሙት። እኔ ብላችሁ እንኳ አትስሙኝ። ጳውሎስ በጨርቁ እንኳ ሕሙማን የተፈወሱበት ሐዋርያ ነው፤ ያው ጳውሎስ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ተወው፣ ለጢሞቴዎስ ሆድ ጥቂት ወይን አዘዘለት፣ አፍሮዲጡ ለሞት ሲቀርብ ጌታ እንደ ማረው እንጂ እርሱ አዝዞ እንዳስነሣው አልጻፈም። ሕዝቅያስ ከእግዚአብሔር የፈውስ ቃል መጥቶለት ሳለ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ ቁስሉ ላይ አድርጉለት አለ። ሐኪሙ ሉቃስም አብሮ ሲጓዝ ሳጥኑን ጣል የተባለበት ቦታ የለም።

እሺ፣ ሥልጣንን እንዲህ ካልን ኃይሉስ? እህታችን የጠየቀችው በእርግጥ ይህን ነው። መብቱ እንዳላት ታውቃለች፤ ጉልበቷ ነው የከዳት።

የሐዋርያት ሥራ 1፥8 ላይ ጌታ መንፈስ ቅዱስ ሲወርድ ኃይል እንደሚያገኙ ተስፋ ሰጣቸው። ለምን የሚሆን ኃይል? ምስክሮች እንዲሆኑለት። ምስክር ማለት ደግሞ ያየውን የሚናገር ሰው ነው፤ 25 አይቶ 25 የሚል። ያ እሳት ዳር የቀለጠው ጴጥሮስ ምዕራፍ 4 ላይ ጌታን ባስገደለው ሸንጎ ፊት ቆሞ ያየነውንና የሰማነውን አንናገርም ማለት አንችልም አለ። ሰውዬው ያው ነው፤ ዓሣ አጥማጅ፣ ገሊላዊ፣ አፉ የሚቀድም። የተለወጠው በውስጡ ያለው ነው።

ከሸንጎው ተለቀው ሲመጡ ደግሞ ጉባኤው ጸለየ። እህቴ፣ ይህችን ጸሎት ቤትሽ ገብተሽ አንብቢያት፤ ምዕራፍ 4 ከቁጥር 24 ጀምሮ ነው። አለቆቹ እየዛቱባቸው ነው። ጌታ ሆይ፣ ዛቻቸውን ተመልከት አሉ። ፈውስና ተአምር በኢየሱስ ስም እንዲሆን ለመኑ። ለራሳቸው ግን የጠየቁት ቃሉን በድፍረት መናገርን ነው። አለቆቹን እሰርልን አላሉም። ሊቀ ካህናቱን አንሣልን አላሉም። ቤቱ ተናወጠ፣ ሁሉም በመንፈስ ቅዱስ ተሞሉ፣ ቃሉን በድፍረት ተናገሩ። አንቺ ሦስት ወር አለቃሽን ስታስሪ ኖረሻል። ምናልባት እግዚአብሔር ሊፈታው የፈለገው የአንቺን ምላስ ቢሆንስ? «ጋሼ ይቅርታ፣ የቆጠርኩት 25 ነው» የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር።

አውቃለሁ፣ ሰባኪ ሆኖ ይህን ማለት ቀላል ነው። የቤት ኪራይ የሚከፍለው ሰባኪው አይደለም። ስለዚህ ዋጋ የለውም አልልሽም።

በዚህ አገር ዋጋ የከፈሉ አሉን። በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሚስዮናውያኑ ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ብቻ ነበሩ። በእጃቸው በቋንቋቸው የነበረው ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ነው። ከእነርሱ መካከል ማንበብ የሚችለው በጣት የሚቆጠር ነው። ከዚያ በኋላ እስር መጣ፣ ግርፋት መጣ፤ ዋንዳሮን የመሰሉ መሪዎች በአደባባይ ተገረፉ። ሚስዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ ጠበቃቸው። እነዚያ ገበሬዎች ሥልጣንን በሰባት ነጥብ የሚያስረዳ መጽሐፍ አልነበራቸውም። ተገርፈው ይመለሱና ዘራቸውን ይዘራሉ፣ ለጎረቤታቸው ይመሰክራሉ።

ቄስ ጉዲና ቱምሳንም አስቡ፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩትን። በደርግ ዘመን ነው። በ1969 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ተወረሰ፤ ቤተ ክርስቲያኖች ይዘጉ ጀመር። እርሳቸው ታስረው ተፈቱ። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አመቻችተውላቸው ነበር። አልሄድም አሉ፤ ክርስቶስ ስለ ሁሉ ሞቷልና በሕይወት ያሉት ለራሳቸው አይኖሩም የሚለውን የ2ኛ ቆሮንቶስ 5ን ሐሳብ ይዘው፣ መንጋዬን ትቼ እንዴት እወጣለሁ ብለው። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከአገልግሎት ሲወጡ ተወሰዱ፤ ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ወደ አሥር ዓመት ታሰሩ፣ ተሠቃዩ። የቄሱ አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በአንድ በኩል ሲታይ የተሸነፉ ይመስላል፤ ምንም አላሰሩም፣ የታሰሩት እነርሱ ናቸው። ማን ነበር ግን ሥልጣን የነበረው? የቱ ነው ዛሬ የቆመው?

አንዳንዶቻችሁ እኔ ጉዲና አይደለሁም ትሉኝ ይሆናል። እኔም አይደለሁም። ስለዚህ ወደ ቤት እንግባ፤ ሳሎን፣ ማድ ቤት።

ዮሐንስ 13ን ስታነቡ ቁጥር 3ን አትዝለሉት። አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው ኢየሱስ አወቀ ይላል ሐሳቡ። ሁሉን! እስቲ ለአንድ ደቂቃ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ሁሉ ነገር በእጄ መሆኑን ዛሬ ማታ ባውቅ ምን አደርግበታለሁ? እኔ ምን እንደማደርግ ባትሰሙ ይሻላል። እርሱ ግን ከራት ተነሣ፣ ልብሱን አኖረ፣ ፎጣ ታጠቀ፣ ውኃ በገንዳ ቀዳ። ሁሉ በእጁ ነበር፤ እጁ ደግሞ የሰው ተረከዝ ላይ ነበር። የይሁዳም ተረከዝ እዚያው ነው። አባቶቻችን ለእንግዳ እግር ሲያጥቡ አይተናል፤ የሚያጥበው ግን የቤቱ ልጅ ወይም ሠራተኛ ነው፣ ጌታው አይደለም። ጴጥሮስ የተቆጣው ለዚህ ነው።

እንግዲህ አንተ የቤት አባወራ፣ ሥልጣን ተሰጥቶኛል የምትል፤ ያጠብከው እግር የማን ነው? በጉባኤ ፊት አጋንንት ውጡ ብለህ ቤትህ ስትገባ ልጆችህ ወደ ጓዳ የሚወጡ ከሆነ ነገሩ ተገልብጧል። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ምዕራፍ 4 ላይ ቁጣን ይዞ ማደር ለዲያብሎስ ስፍራ መስጠት እንደ ሆነ ጽፏል። ስፍራ የምንሰጠው እኛ ነን ማለት ነው። ማታ በቁጣ በሩን ከፍተንለት ንጋት ላይ ውጣልኝ ብለን እንጮሃለን። የቤት ሠራተኛችሁንስ ደመወዝ ሰጥታችኋታል? ሁለት ወር አልፎት ከሆነ ዛሬ ማታ ከጸሎት በፊት ክፈሏት። ያዕቆብ 5 ላይ ያልተከፈለ ደመወዝ ይጮኻል፤ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ ይገባል። ከእኛ ጸሎት ቀድሞ የሚደርስ ይመስለኛል።

እናንተስ በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ፣ ይህን በስልክ የምትከታተሉ እህቶቼ? ለእናንተ ሥልጣን የሚለው ቃል ቀልድ ይመስላል፤ ፓስፖርታችሁ እንኳ በእጃችሁ ላይሆን ይችላል። 2ኛ ነገሥት 5 ላይ ያለችውን ብላቴና አስቡ። ተማርካ፣ ከአገሯ ተወስዳ፣ በንዕማን ሚስት ቤት የምታገለግል ናት። ስሟ እንኳ አልተጻፈም። ጌታዬ በሰማርያ ካለው ነቢይ ዘንድ ቢሄድ ይድን ነበር አለች። በዚያች ቃል የጦር አለቃው ተነሣ፣ ንጉሥ ደብዳቤ ጻፈ፣ የእስራኤል ንጉሥ ደነገጠ። የማረካትን ሰው ጠልታ ዝም ማለት ትችል ነበር። ይህን ስል ግን በደልን ተሸከሙ ማለቴ አይደለም። ጳውሎስ ሊገርፉት ሲያስሩት ሮማዊ ነኝ ብሎ የዜግነት መብቱን ተጠቅሟል። የሚመታችሁ፣ የሚደፍራችሁ ካለ ውጡ፣ ለኤምባሲም ለፖሊስም ለምታምኑት ሰውም ተናገሩ። ያ እምነት ማጣት አይደለም።

አጋንንት የሉም እያልኩ እንዳልሆነ ይገባችኋል። አሉ። የተያዘ ሰው አይቻለሁ፣ ነፃ ሲወጣም አይቻለሁ። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያለኝ ግን ከወጣለት በኋላ ዘመዶቹ ሻይ አፍልተው፣ ልብስ አልብሰው፣ ከጎኑ ሲቀመጡ ያየሁ ጊዜ ነው። ያ የጌርጌሴኖን ሰውም ልብሱን ለብሶ በኢየሱስ እግር አጠገብ ተቀምጦ ነው የተገኘው። ጌታ ወዴት ላከው? ወደ ቤቱ።

ትምህርቱ በሬዲዮ ከተላለፈ ከአምስት ወር በኋላ ያቺ እህት እንደገና ጻፈች። ሦስተኛው መጣ አለች። አለቃዋ ጠራት፣ ወረቀቱን ገፋ አደረገላት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ምንም ኃይል አልተሰማኝም አለች። ጋሼ፣ የቆጠርኩት የገባውን ነው፤ በዚያ ልክ ከሆነ እፈርማለሁ አለችው። ውጪ አላት፤ ወጣች። በሁለተኛው ሳምንት ወደ መዝገብ ቤት አዛወሯት። ደመወዟ አልተነካም፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያዋ ግን ቀረ፣ ለታናሽ ልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ ይውል የነበረው ነው። ልጁን ሌላ ትምህርት ቤት አስገባችው። የፈረመችባቸውን የቀደሙትን ሁለቱን ደግሞ ለመሥሪያ ቤቱ ኦዲተር በጽሑፍ ተናዘዘች፤ የሚያስጠይቃት ቢሆን እንኳ። ጉዳዩ እየታየ ነው። ደብዳቤዋ ያለቀው እንዲህ ብሎ ነው፦ ዓርብ አዳር ጸሎት ሄጄ ነበር፤ እንደ ድሮው አልጮህኩም፤ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ እዚያው ወንበር ላይ እንደ ልጅ ተኛሁ።

ይህን ወረቀት የያዛችሁ ሁሉ፣ ለእርሷ አብረን እንጸልይ፤ እናንተም የምታውቁትን ሰው ስም ጨምሩበት።

ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ የልጆቿን እንጀራ አንተ ታውቃለህ። በኦዲተሩ ፊት ስትቆም አጠገቧ ቁም። ሰኞ ጠዋት አለቃቸው የሚጠራቸውን፣ ሚዛን የያዙትን፣ ደመወዝ ያስቀሩትን፣ ሕመማቸውን የደበቁትን፣ በሰው ቤት በር የተዘጋባቸውን አስብ። እኛም አገልጋዮችህ ያልተናገርከውን ተናግሯል እንዳንል አፋችንን ጠብቅ። አሜን።